ጳጉሜን 6 ከየትኛው ዘመን ጋር ትቀመጣለች?

ና ወዳጄ፣ ጠጋ በል። ከጉና በኩል የሚወርደው ብርድ የደብረ ታቦርን ሰው ከምድጃ አያርቀውም። ቡናው ፈልቷል፣ የገብስ ቆሎውም እዚሁ ነው። ዛሬ የማጫውትህ ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ነው። ምነው፣ ፊትህን አታጥቁር እንጂ! ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ሰውም የሚሆን ጨዋታ ነው። ዛሬ ቀበሌ ብትሄድ ፎርም ነው፣ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ፎርም ነው፣ ባንክ ብትሄድ ፎርም ነው። ፎርሙ ደግሞ ውሎ አድሮ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ ይሸከማል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን እቀበላለሁ፣ ያን አልቀበልም ይላል። ምን እንደሚቀበል የነገረው ማን ነው? በትክክል መነገሩንስ ያጣራው ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኛም ከሥሩ እንያዘው፤ ከልደት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲገቡ ተደንግጓል። አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ለዚህ ሥራ ፎርም ሠራ እንበል። በፎርሙ ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። የሙያው ሰዎች እያንዳንዱን ሳጥን ፓራሜትር ይሉታል፤ የሚገባበትን ደግሞ እሴት። ቀን ከ1 እስከ 30 ነው። ወር፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሲቆጠር፣ 13 ነው። ዓመቱን ለጊዜው በአራቱ ወንጌላውያን እንክፈለው፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ሁሉንም ከሁሉም ብናገናኝ ስንት ይመጣል? 30 በ13፣ በ4 ሲባዛ 1,560።

በአራት ዓመት ውስጥ ፀሐይ የምትወጣባቸው ቀኖች ግን ስንት ናቸው? 1,461 ብቻ። ልዩነቱ 99 ነው። እነዚህ 99 ቀኖች በወረቀት ላይ ይጻፋሉ እንጂ ማንም አልተወለደባቸውም፣ ማንም አልሞተባቸውም። ከየት መጡ ብትለኝ፣ ሁሉም ከጳጉሜን መጡ። ጳጉሜን 7፣ ጳጉሜን 18፣ ጳጉሜን 30። በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ ዘመን ደግሞ ጳጉሜን 6 ራሷ ከነዚህ ጋር ናት። በሉቃስ ዘመን ግን ጳጉሜን 6 እንደማንኛውም ቀን ጎሕ ይቀድባታል፣ ሰው ይወለድባታል። በ2015 አይተናታል፤ ቀጥላ የምትመጣው በ2019 መጨረሻ ነው።

እንግዲህ ተመልከት። ቁጥር 6 ጥፋት የለባትም። ጳጉሜንም ጥፋት የለባትም። የማቴዎስ ዘመንም ምንም አላጠፋም። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲቀመጡ ግን የሌለ ቀን ይሆናሉ። «ይህ ካለ ያ ሊኖር አይችልም» የሚለውን ቃል የፍተሻ ባለሙያዎች ኮንስትሬይንት ይሉታል፤ እኛ ገደብ እንበለው። ዛሬ ልነግርህ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለውን ገደብ መጻፍ አገርን ማወቅ ይጠይቃል፣ ሳያውቁ የጻፉት ገደብም ሰውን ከመዝገብ ያስወጣል።

ቆይ፣ አልቸኩልም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነውና፣ መጀመሪያ ፈታኙ ለምን እሴቶችን እንደሚያገናኝ እንይ። ሳጥኖቹ ሦስት ብቻ ቢሆኑ 1,560ውንም አንድ በአንድ ሞክሮ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን 13 ሳጥኖች ቢኖሩ፣ በየሳጥኑም ሦስት ሦስት ምርጫ ቢኖርስ? 1,594,323 ዓይነት አሞላል ይመጣል። ማን ይጨርሰዋል? ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ብልሃት አገኙ። ሁሉንም በሁሉም ከማገናኘት ይልቅ፣ ማንኛውም ሁለት እሴት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ እንዲገናኝ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የ1,594,323ቱ ሥራ ከ20 በማይበልጡ መስመሮች ያልቃል። ይህን አሠራር ፔርዋይዝ ይሉታል፤ ጥንድ ጥንዱን መፈተሽ ማለት ነው።

ይበቃል ወይ? ብዙ ጊዜ ሩቅ ይወስዳል። በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ሪቻርድ ኩንና ባልደረቦቹ የሕክምና መሣሪያዎችን፣ የኢንተርኔት ማሰሻንና ሰርቨርን የመሳሰሉ ሥርዓቶች ያሳዩትን ብልሽት መረመሩ። አብዛኛው ብልሽት የሚነሣው ከአንድ እሴት ወይም ከሁለት እሴቶች መገናኘት ሆኖ አገኙት። ከስድስት በላይ እሴቶች ካልተገናኙ የማይታይ ብልሽት ግን አላጋጠማቸውም። ጥንዶቹን የሚያሰላልፉ መሣሪያዎችም አሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤልኮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤኢቲጂ የሚባለውን ሠራ። ማይክሮሶፍትም ፒክት የሚባለውን ሠርቶ በነጻ ለቆታል። አንድ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ ማታ አውርዶ ሊሠራበት ይችላል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጣጣው። መሣሪያው አገር አያውቅም። ጳጉሜን ስንት ቀን እንዳላት ካልነገርከው፣ ሁሉንም ወር እኩል አድርጎ ያያል። እንዲህ ያለ መስመር ይሰጥሃል፦ ቀን 6፣ ወር ጳጉሜን፣ ዘመን ማቴዎስ፣ ጾታ ሴት፣ የተወለደችበት ቦታ ጤና ጣቢያ፣ ያስመዘገባት ሰው አያት። ፈታኙ ይህን ሞልቶ «መዝግብ» የሚለውን ይጫናል። ሥርዓቱም «የቀን ስህተት» ብሎ ይመልሰዋል። ፈታኙ «በትክክል መለሰ» ብሎ ምልክት አድርጎ ያልፋል።

ምን የጎደለ ይመስልሃል? ሁለት ነገር ጎድሏል። አንደኛ፣ በዚያች መስመር ላይ «ጤና ጣቢያ» እና «አያት» ተገናኝተው ነበር። መሣሪያው እንዲያ ያገናኛቸው በዚያች መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ውድቅ ስለሆነ ግን ሥርዓቱ እስከነሱ አልደረሰም። ምናልባት ብልሽቱ ያለው እዚያ ነው። ምናልባት አያት ልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ ነው ሥርዓቱ የሚቆመው። እናትና አባት ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደው ሕፃናት በአያት እጅ በሚያድጉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጳጉሜን 6 ከሉቃስ ጋር ሆና ስትመጣ ሥርዓቱ በደስታ ይቀበላት እንደሆነ ማንም አላየም። «ጳጉሜን» እና «6» በወረቀት ላይ ተገናኝተዋል፤ በእውነት ግን አልተፈተኑም። መጥፎው ደጉን ይዞት ጠፋ ማለት ነው። ይህንን የሙያው ሰዎች መሸፈን ይሉታል፤ አንዱ ስህተት ሌላውን ይሸፍነዋል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ለመሣሪያው ገደቡን መንገር። በፒክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ቀኑ ከ6 አይበልጥም»፣ «ወሩ ጳጉሜን፣ ቀኑም 6 ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው»። ከዚያ በኋላ የሚሰጥህ መስመር ሁሉ ሰው ሊወለድበት የሚችል ቀን ነው። ያስወጣናቸው 99ኙስ? እነሱንም አንረሳቸውም። ለብቻ ሰንጠረዥ ይዘጋጅላቸዋል። ሁሉንም ባይሆን ከዳር ያሉትን እንመርጣለን፦ ጳጉሜን 6 በማቴዎስ፣ ጳጉሜን 7 በሉቃስ፣ ጳጉሜን 30። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ጥፋት ብቻ ይቀመጥና ሌላው ሁሉ ጤነኛ ይሁን። ያኔ ሥርዓቱ እምቢ ሲል በምን ምክንያት እምቢ እንዳለ ታውቃለህ።

ወዳጄ፣ ይህን ስጫወት የአብነት ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት አገር መሆኗን አንተው ታውቃለህ። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም በጋይንት ናት። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም እዚያው በጋይንት ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደግሞ የተክሌ አቋቋም ይመሰከራል። ያ አቋቋም ሁላችን በጨዋታቸው ከምናውቃቸው ከፎገራው አለቃ ገብረ ሃና ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም የቀረ ነው። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚወጣ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ስለ ገደብ ለሚማር ፈታኝ ከሁሉ የላቀ መጽሐፍ ነው። ሊቃውንቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጡት ይህ ቀመር ከዳር እስከ ዳር «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው» በሚል ቃል የተሠራ ነው።

የ2018ን ጾመ ነነዌና ትንሣኤ እናውጣ። 5500 ላይ 2018 ጨምር፤ 7518። በ19 ግደፈው፤ 13 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ተወው፤ ወንበሩ 12 ሆነ። 12ን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው አበቅቴው 12 ይሆናል። 12ን በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው መጥቅዑ 18 ይሆናል። 12 እና 18 ስንት ነው? 30። የመጀመሪያው ገደብ ይህ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 አይበልጡም፣ ከ30 አያንሱም። ሁለተኛው ገደብ፣ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። የእኛ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ዋለ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመርለት ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቁጠር፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን እሑድ ሆነ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ካልን፣ ልክ 14 ሲሆንስ? ማንኛውም የተማረ ፈታኝ ይህን ይጠይቃል። የፍተሻ ትምህርት «ስህተት ድንበር ላይ ይተኛል» ይላልና፣ 13፣ 14 እና 15 ይሞከሩ ማለቱ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት ወንበርን ከ0 እስከ 18 በ19 እያባዛህ በ30 ግደፍ። 19 ዓይነት መጥቅዕ ታገኛለህ። 13 አለ፣ 15 አለ፤ 14 የለም። በዚህ ቀመር መቼም አይመጣም። ከ30 በ30፣ ማለትም ከ900 የአበቅቴና የመጥቅዕ ጥንዶች መካከል እውነተኞቹ 19 ብቻ ናቸው።

ይህን የማያውቅ ፈታኝ «14 ሲሆን ሥርዓቱ ምን ያድርግ?» ብሎ ፕሮግራመሩን ያስጨንቃል። ፕሮግራመሩም ለማይመጣ ቁጥር ሕግ ይፈጥራል። የሚያውቀው ግን ጉልበቱን 13 እና 15 ላይ ያውላል፤ የዓመቱ ዳርቻ እዚያ ነውና። መጥቅዕ 15 ሆኖ ዓርብ ሲውል፣ የዓርብ ተውሳክ 2 ስለሆነ ነነዌ ጥር 17 ትገባለች፤ ከዚያ በታች አትወርድም። መጥቅዕ 13 ሆኖ ቅዳሜ ሲውል፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ ነነዌ የካቲት 21 ትሆናለች፤ ከዚያ በላይ አትወጣም። ትንሣኤም ስለዚህ ነው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው የምትመላለሰው። ሊቃውንቱ ታችኛውንና ላይኛውን ዳርቻ በቃል አጥንተውታል። የሞባይል የቀን መቁጠሪያ የምትሠራ ልጅ ብትጠይቀኝ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ መጀመሪያ መሪጌታ ዘንድ ሂጂ» ነው የምላት።

ቶናው ደርሷል፣ ስኒህን ወዲህ በል። አቦሉ ላይ ያወራነው ስለማይናወጥ ገደብ ነበር። ጳጉሜን 7 ጥንትም አልነበረችም፣ ወደፊትም አትኖርም። መጥቅዕ 14ም እንዲሁ። ዓለም ራሷ «አይሆንም» ያለችው ነው። ግን በየመሥሪያ ቤቱ ከሚጻፉ ገደቦች ስንቱ እንዲህ ያለ ነው? ጥቂቱ። የቀረው ሁለት ዓይነት ነው፦ «አልለመድነውም» እና «አይፈቀድም»። ሦስቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ነው ብዙ ጥፋት የሚያመጣው።

«አልለመድነውም»ን በፎገራ እንየው። ርብና ጉማራ ክረምት ሞልተው ሲወጡ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ያ ሜዳ የታወቀው በግጦሹና በፎገራ ከብት ነበር። ከ60 ዓመት በፊት የእርሻ መረጃ የሚሞላበት ሥርዓት ቢኖርና አንድ ባለሙያ «ወረዳው ፎገራ ከሆነ ሰብሉ ሩዝ አይሆንም» ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያን ጊዜ ማን ይቃወመው ነበር? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሩዝ ወደዚያ ሜዳ ገባ። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ለሌላ ሰብል መከራ ሲሆን ለሩዝ ተመቸ። ዛሬ ፎገራ ሲባል በመላው አገሪቱ ሩዝ ነው የሚታወሰው። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተሠርቷል። እንጀራችን ውስጥ እንኳ ሩዝ ገብቷል። ያ ገደብ በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሩዝ ዘሪዎች ምርታቸውን በምን ስም ያስመዘግቡ ነበር? ሩዙ ማሳው ላይ እያለ ከመዝገቡ ይጠፋ ነበር። ፈታኙም «ይህ ጥንድ አይገናኝም» ተብሎ ስለተነገረው አይሞክረውም፤ ስህተቱንም የሚያይ አይገኝም። እንግዲህ ልማድን «አይሆንም» ብለህ አትጻፍ። «ይህ ያልተለመደ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ማሳሰቢያ አድርገው እንጂ በር አትዝጋ።

እግረ መንገዴን ደግሞ ይህን ልንገርህ፤ እውነተኛ ገደብም ዕድሜ አለው። «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከጳጉሜን 6 ማግስት ከሆነ ሴፕቴምበር 12» የሚለውን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ይህ የሚሠራው ፈረንጆቹ 1900 ላይ አንድ የፌብሩዋሪ ቀን ከዘለሉ ወዲህ ነው፤ 2100 ላይም ደግመው ይዘላሉ። እኛ ግን አንዘልም። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ፤ ዐጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። ያን መድፍ እስከ መቅደላ አስጎትተው፣ እዚያው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 አረፉ። የፈረንጆቹ መዝገብ ቀኑን ኤፕሪል 13፣ 1868 ይለዋል። ለዛሬ ልጆች ልደት በሚሠራው ስሌት ብትመነዝረው ግን ኤፕሪል 14 ይመጣልሃል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ዘመኑ ሳይደርስበት ነው የተጠቀምክበት። የጥንት ሰነድ የሚያስገባ ቤተ መዘክር ይህችን አንድ ቀን ከፍተሻ ዝርዝሩ ውስጥ ቢያስቀምጣት ስንት ጭቅጭቅ ያድናል!

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ «አይፈቀድም» ወደሚለው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። መልካም ሕግ ነው፤ በአገራችን ያለዕድሜ ጋብቻ በሴት ልጆች ላይ ያደረሰውን አንተም እኔም እናውቃለን። እንግዲህ አንድ ባለሙያ ለጤና ጣቢያ ፎርም ሲሠራ ሕጉን አስቦ «ዕድሜ ከ18 በታች ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ‹ያገባች› አይሆንም» ብሎ ገደብ ጻፈ እንበል። በቅን ልብ ነው የጻፈው።

ከዚያ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና ትመጣለች፤ ተድራለች። ነርሷ ዕድሜዋን 15 ብላ ትሞላለች፣ «ያገባች» የሚለውን ስትነካ ሥርዓቱ እምቢ ይላል። ከኋላ ወረፋው ረዝሟል። ነርሷ ምን ታድርግ? ወይ ዕድሜዋን 18 ታደርገዋለች፣ ወይ «ያላገባች» ትላለች። 18 ከተባለች፣ በዚያ ዕድሜ መውለድ የሚያመጣውን አደጋ ሊከታተልላት የሚገባው ሐኪም አያውቃትም። «ያላገባች» ከተባለች ደግሞ ሕጉ መጣሱን ማንም ሳያይ ይቀራል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ በሪፖርቱ ያለዕድሜ ያገባች ልጅ አንድም የለችም። ሕጉን ያስከብራል የተባለው ገደብ የሕጉን መጣስ ደበቀ። ወዳጄ፣ ከዚህ የሚበልጥ የሶፍትዌር ስህተት እኔ አላውቅም፤ ኮምፒውተሩ ግን አንዲት የቀይ ቀለም መስመር እንኳ አያሳይም።

ታዲያ ገደቡ ይነሣ? በሁሉም ቦታ አይደለም። የጋብቻ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ላይ ያው ገደብ ጸንቶ መቆም አለበት፤ እዚያ ሥርዓቱ እምቢ ማለቱ ልጅቷን ያድናታል። ጤና ጣቢያው ላይ ግን ሥርዓቱ የሆነውን እንደሆነ ይቀበል፣ ተቀብሎም ለሚመለከተው ያመልክት። እሴቶቹ ያው ሁለቱ ናቸው፤ 15 እና «ያገባች»። አንዱ ቤት ሊሆን ያለውን ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ ሌላው ቤት የሆነውን ይመዘግባል። ፈታኙም ለአንዱ ቤት «መከልከሉን» ይፈትናል፣ ለሌላው «መቀበሉንና ማመልከቱን»። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መዝገብ ውስጥ ያልገባ እውነት ግን ምን ብሎ ይጠራል?

በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። የክርስትና መዝገብ የሚሠራ ሰው ይህን ጾታንና ቀንን የሚያገናኝ ገደብ ቢጽፍ ደስ ይላል። ግን ሕፃኑ ታሞ ለሕይወቱ ሲሰጋ ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል። ሥርዓቱ ራሱ መውጫ ካለው ገደቡም መውጫ ይኑረው። ይህን ማን ይነግርሃል? ካህኑ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ገደብ ሲበዛ ገደብን ይበላል። እንበልና አንዱ ባለሙያ «ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ መዝጋቢው ዞን ነው» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ደግሞ በሌላ ቀን «ወሩ ጳጉሜን ከሆነ መዝጋቢው ወረዳ ነው» አለ። ለየብቻ ሲታዩ ምንም አይሉም። አሁን ጳጉሜን 6ን ፈልጋት። ሉቃስን ትፈልጋለች፤ ሉቃስ ዞንን ይፈልጋል፤ ጳጉሜን ደግሞ ወረዳን። መቀመጫ አጣች። መሣሪያው ከሰንጠረዡ ያስወጣታል፣ ፈታኙም ሁሉም መስመሮች አረንጓዴ ሆነው ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ገደብ ጽፈህ ስትጨርስ ወደኋላ ተመለስና ጠይቅ፦ እያንዳንዱ እሴት ቢያንስ በአንድ ጤነኛ መስመር ላይ አለ ወይ? የጠፋ ካለ፣ ማን እንዳስወጣው እስክታገኝ አትነሣ።

እንግዲህ ለወጣቶቹ ፈታኞቻችን የምለው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ገደብ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዓይነቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደነገራችሁ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ። «አይሆንም» ከሆነ ከጤነኛው ሰንጠረዥ አስወጡት፣ መከልከሉንም ለብቻ ፈትኑ። «አይፈቀድም» ከሆነ የየትኛው ቤት ሕግ እንደሆነ ጠይቁ። «አልለመድነውም» ከሆነ በሩን ክፍት ተዉትና ደጋግማችሁ ሞክሩት፤ ነገ የሚመጣው በዚያ በር ነው። የሚነግራችሁን ሰው ለማግኘት ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ስለ ቀኑ መሪጌታው፣ ስለ ማሳው የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ፣ ስለ ልጅቷ ነርሷ ያውቃሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አብራችኋቸው ተቀመጡና «መቼም አብሮ የማይመጣ ምንድን ነው? አይመጣም ብላችሁ መጥቶ ያያችሁትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ ከዚያ የምታገኙት መልስ ነው የአንድን ሰው ስም ከመዝገብ እንዳይወጣ የሚያደርገው።